አስታ ሜዳ ተረኛ ያጣችበት ዓመት

ባለፈው ጥቅምት ለሥራ ወደ መንዝ ስንወጣ የመኪናችን ጎማ አስታ ሜዳ ላይ ተነፈሰ። ሾፌሩ እስኪቀይር ወርጄ መንገድ ዳር ቆምኩ። ከአንድ የድንጋይ ቤት ጓሮ አንዲት ሴት የታጠበ እንስራ በወይራ ጭስ ላይ ደፍታ ታጥናለች። ነፋሱ ወደ እኔ ነበር። መጀመሪያ የወይራው ጭስ፣ ቀጥሎ የእርጥብ ሸክላው፣ ከሁለቱ ስር ደግሞ ታጥቦም የማይለቅ የጌሾ ሽታ መጣ።

ሾፌሩ መፍቻውን እንደያዘ ቀና ብሎ ዙሪያውን አየ። «ይህቺ መንደር ማን ትባላለች?»

«ከተማ ናት» አልኩት።

ሳቀ። ቀልድ የነገርኩት መስሎታል።

እኔ ያወቅኋት አስታ ሜዳ አንድ ረጅም መንገድ ነበረች። በላይኛው ጫፍ ሚካኤል፣ በታችኛው ጫፍ ትምህርት ቤቱ፣ መሃል ላይ የወረዳው ጽሕፈት ቤት። ቅዳሜ ከቀየትና ከዘመሮ በኩል ሳይቀር በግ የሚነዳ፣ የሱፍ ባና በትከሻው የጣለ ሰው ይጎርፍባት ነበር። አውቶቡስ አድሮባት ይሄዳል። ሲመሽ ጀኔሬተሩ ይነሳል፤ መብራቱ መጀመሪያ ቀይ ሆኖ፣ ተንተግትጎ፣ ከዚያ ይደምቃል። ያኔ ሁላችንም ልጆች መንገድ ላይ ሆነን እንጮሃለን። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት ቢያልፉም ትልልቆቹ ስለ እሱ ሲያወሩ ድምፃቸውን ይቀንሱ ነበር።

ወላጆቼ የሚኖሩት ከከተማዋ የግማሽ ቀን መንገድ በሚርቅ ገጠር ነው። እዚያ ያለው ትምህርት ቤት ከሁለተኛ ክፍል ስለማያልፍ አባቴ ታላቅ እህቱ ዘንድ አምጥቶ አስቀመጠኝ። እኔ እቴቴ እላታለሁ፤ የከተማው ሰው እትዬ ዘነበች ይላታል። ባሏ ሞቷል፣ ልጅ የላትም፤ ከጽሕፈት ቤቱ ፊት ለፊት ጠላ ትሸጣለች። የቢሮ ሠራተኞቹ ምሳ ሰዓት ላይ መጥተው አግዳሚው ላይ ይደረደራሉ። «ሪፖርት»፣ «አበል»፣ «ዝውውር» የሚሉትን ቃላት ከትምህርት ቤት በፊት የሰማሁት ከእነሱ ነው። ዝውውር የሚባለው በሽታ ይመስለኝ ነበር። አንዱ «ዝውውር ደረሰው» ሲባል ሌሎቹ በሐዘን ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበርና።

እቴቴ የቅዱስ ሚካኤል ማኅበርተኛ ነበረች። ማኅበርተኞቹ በወራቱ ልክ ዐሥራ ሁለት ናቸው፤ በየወሩ በሚካኤል ቀን አንዱ ይደግሳል። ዳቦ ይጋገራል፣ ጠላ ይጠመቃል፣ ካህኑ ይባርካሉ፣ ሁሉም ከአንድ ጽዋ እየተቀባበለ ይጠጣል። መጨረሻ ላይ የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴ የሚሉት ሰው፣ የሚቀጥለውን ወር ተረኛ ይጠራል። ተረኛው ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ሸፍኖ፣ በእልልታ ታጅቦ ወደ ቤቱ ይወስደዋል። ጽዋው ወሩን ሙሉ እዚያ ያድራል። ጽዋ ያለበት ቤት ጠብ የለም፣ ስድብ የለም።

ማኅበርተኛ የታመመ ይጠይቃል፣ የሞተ ይቀብራል፣ ተዝካሩን ያወጣል። የእቴቴን ባል የቀበረው ማኅበሩ ነው። «ልጅ የላትም ይሉኛል» ትል ነበር እቴቴ እየሳቀች፤ «ሚካኤል ዐሥራ አንድ ቀባሪ ሰጥቶኛል። ችግሩ ግማሾቹ ከእኔ ያረጁ መሆናቸው ነው።»

ጎረቤታችን እትዬ አስካለ እንደ እቴቴ ጠላ ሻጭ፣ እንደ እቴቴም ማኅበርተኛ ነበረች። ጽዋው እኛ ቤት በሆነ ወር ሆን ብላ በአጥር ላይ ትጣራለች።

«ዘነበች! ትናንት ጠላሽን የጠጣ ሰው ውሃ ጥም ቆረጠልኝ ብሎ መረቀሽ አሉ!»

«ጽዋው ከቤቴ ይውጣ ብቻ» ትላለች እቴቴ ከውስጥ፤ «መልሱን አቆይቼልሻለሁ።»

ሐምሌ ላይ ወረዳው ከሌላ ወረዳ ጋር ተጣመረና መቀመጫው ገደሉን ተሻግሮ ወዳለው ከተማ ተዛወረ። ማን እንደወሰነ፣ ለምን እንደተወሰነ ከትልልቆቹ አንዱ እንኳ በእርግጠኝነት ሲናገር አልሰማሁም። ያየሁት የጭነት መኪናዎቹን ነው። ጭጋጉ ከመውረዱ የተነሳ የፊት መብራታቸው ብቻ ይታይ ነበር። ጠረጴዛ ጫኑ፣ የብረት መደርደሪያ ጫኑ፣ የጽሕፈት መኪናውን ዝናብ እንዳይነካው በባና ጠቅልለው እንደ ሕፃን አቅፈው አወጡት። በመጨረሻ ጀኔሬተሩን በገመድ እየጎተቱ አወጡ።

እኔ የሚመለሱ መስሎኝ ነበር። የእኛ አገር ሰው ክረምት ሲበረታ ከብቱን ወደ ቆላ ይነዳና ለመስቀል ይመልሳል። ቢሮም እንደዚያ ነው ብዬ ነበር።

«እቴቴ፣ ለመስቀል ይደርሳሉ?»

«እነማን?»

«ቢሮዎቹ።»

«ማን ይመለሳሉ አለሽ?»

«ባንዲራውን ይዘው ሄዱ፤ እንጨቱን ግን ትተውታል።»

እቴቴ በሩ ላይ ቆማ የባንዲራውን እንጨት አየች። ከዚያ አግዳሚውን ከደጅ ወደ ውስጥ አስገባች።

የማኅበሩ ሙሴ አባባ ደምሴ የጽሕፈት ቤቱ ዘበኛ ነበሩ። ሥራ አቁሙ ያላቸው ስላልነበረ ባዶውን ግቢ መጠበቅ ቀጠሉ። ጠዋት በሩን ይከፍታሉ፣ ማታ ይዘጋሉ። አንድ ቀን በበሩ ሳልፍ «አባባ፣ ምኑን ነው የሚጠብቁት?» አልኳቸው።

«ሣሩን» አሉኝ። «እሱ ደግሞ ሲያድግ አይተሽዋል? እንዲህ ያለ ትጉህ ሠራተኛ እዚህ ግቢ ታይቶ አይታወቅም።»

ከማኅበርተኞቹ ግማሽ ያህሉ የመንግሥት ሠራተኞች ነበሩ። ሲሄዱ ወራቸው አብሮ ሄደ። የነሐሴው ተረኛ ጸሐፊ ጓዙን ሲጭን ጽዋውን የተረከበችለት እቴቴ ናት። የእሷ ተራ ገና ሩቅ ነበር። እኔ ደስ አለኝ። ጽዋው ቤታችንን ስለወደደው ቶሎ የመጣ መሰለኝ፤ ለሰፈሩ ልጆችም አወራሁት። ነሐሴ ዐሥራ ሁለት ተደገሰ፤ ጽዋው በእልልታ ወጥቶ ከአጥር ማዶ እትዬ አስካለ ቤት ገባ። የመስከረሙ ተረኛ እሷ ነበረች።

በመስከረም መጀመሪያ አንድ ረፋድ እትዬ አስካለ በጓሮ በኩል መጣች። የተሸፈነ ነገር አቅፋለች። ነጩን ጨርቅ ሳይ አወቅኩት። ጽዋ ያለ አጀብ፣ ያለ እልልታ፣ በጓሮ በር ሲገባ ያየሁት ያን ቀን ነው።

«ደብረ ብርሃን ቤት አገኘሁ» አለች።

«መልካም» አለች እቴቴ። «ለሚካኤል ግን እዚሁ ነሽ። ተረኛ ነሽ።»

«ቆርቆሮውን ነገ ይነቅሉታል፣ ዘነበች።»

እቴቴ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፤ ግን ጽዋውን ለመቀበል አልዘረጋችውም።

«ነይ አብረን እንሂድ» አለች እትዬ አስካለ። «እዚያ ጠላ ጠጪ አይጠፋም። እዚህ ለማን ነው የምትጠምቂው? ለጭጋጉ?»

«ይህን ለማን ሰጥቼ ልምጣ?»

«ለመምሬ ስጫቸው፣ ቤተ ክርስቲያን ያስቀምጡት።»

«ቤተ ክርስቲያን የራሷ ጽዋ አላት። ይህ የሰው ቤት ጽዋ ነው። ሰው ሳይጠጣበት አንድ ወር ካለፈ አለቀ፤ ማኅበር የለም።» እቴቴ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ማኅበር ከሌለ ደግሞ እኔ ማን አለኝ፣ አስካለ?»

እትዬ አስካለ ጽዋውን አልጋው ላይ አስቀምጣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

በማግሥቱ ጣሪያው ተነቀለ። ምስማር ከእርጥብ እንጨት ሲወጣ የሚያሰማው ድምፅ እስከ ትምህርት ቤት ይሰማ ነበር፤ ክፍል ውስጥ ሆኜ ከብት የሚያርዱ መስሎኝ ነበር። ያን ወቅት የሄደ ሁሉ ቆርቆሮውን ይዞ ነው የሄደው። የድንጋዩ ግድግዳ ይቀራል፣ በሩ ላይ ቁልፍ ይንጠለጠላል፣ ከላይ ሰማይ ነው። ክፍት ጣሪያ ላለው ቤት በር ለምን እንደሚቆለፍ እቴቴን ጠየቅኳት። «ሰው ቤቱን ተወ እንዳይባል» አለችኝ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ በእትዬ አስካለ በር ቀዳዳ ስመለከት ብቅል ያሰጣችበት ወለል ላይ ገብስ በቅሎ አረንጓዴ ሆኗል።

የመስከረሙን እቴቴ ደገሰች። የጥቅምቱንም እሷ ተረከበች። የሚጠጣው ሰው እያነሰ ሲሄድ ዳቦው ሲያንስ፣ ጠላው ሲቀጥን አየሁ። ጠላ ገዢ ስለሌላት ለድግሱ የሚሆነው ገብስ የሚወጣው ለቀለቧ ካስቀመጠችው ነው። የነፍስ አባቷ መምሬ ተክሌ ግን ትንሹንም ዳቦ እንደ ትልቁ ረጅም ጸሎት ይደግሙበት ነበር።

ጥቅምት ላይ አንድ ቅዳሜ እቴቴ ነጭ ነጠላዋን ለብሳ «ነይ፣ ተረካቢ እንፈልግ» አለችኝ። ከላይኛው ጫፍ ጀመርን። ባለ ሱቁ መደርደሪያውን እያፈረሰ አገኘነው።

«እትዬ ዘነበች፣ እኔ ራሴ እኮ የምቀመጥበት የለኝም» አለ። «ለመንገድ የሚሆን ክብሪት ልስጥዎት?»

መምህሩ ዝውውር ጠይቆ መልስ እየጠበቀ ነበር። እቴቴ ስትገባ ተነስቶ ወንበሩን ሰጣት፤ የሚለውን ከጨረሰ በኋላ ግን ዓይኗን ማየት አልቻለም። ከከተማዋ ዳር ያሉ አንድ ገበሬ ከአጨዳ ላይ ቀና ብለው፣ ማጭዳቸውን እንደያዙ ሰሟት።

«እኛ የማርያም ጽዋ አለን» አሉ። «ሁለት ጽዋ እንዴት እንችላለን? ቅር አይበልሽ እንጂ፣ ያንቺ የከተሜዎቹ ማኅበር ነው። ከተሜዎቹ የት ሄዱ?»

እቴቴ ስንመለስ መንገዱ መሃል ላይ ትሄድ ነበር። ድሮ በመኪናና በበግ ምክንያት ዳር ዳሩን ነበር የምንሄደው።

ኅዳር ሲገባ ወሬ መጣ። አዲስ አበባ ያሉ የአስታ ሜዳ ተወላጆች ለሚካኤል ንግሥ በአውቶቡስ ይመጣሉ፤ ስለ ከተማዋ መዳከም ይነጋገራሉ ተባለ። እቴቴ ያን ቀን ከሰማች ጀምሮ ተለወጠች። የቀረውን ገብስ በሙሉ አወጣች። ጌሾ ስትወቅጥ ታንጎራጉር ነበር። «የመሥራቾቹ ልጆች ናቸው የሚመጡት» አለችኝ። «የእነዚህ አባቶች ናቸው ጽዋውን ያቆሙት።»

እኔ የሚመጡት ለመኖር መስሎኝ ነበር። ሰው ለአንድ ቀን ብሎ ያን ያህል መንገድ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም። ስለዚህ መጥረጊያ ይዤ ወጣሁና የተዘጉትን ቤቶች ደጃፍ ጠረግሁ። ከሚመጡት አንዱ የሆኑት የአቶ ግዛው አባት ቤት ደጃፍ ላይ ሣሩ ከቁመቴ ሊደርስ ምንም አልቀረውም ነበር፤ እሱን በእጄ ነቀልኩት።

አውቶቡሱ በበዓሉ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ደረሰ። ሲወርዱ የሳሙናና የናፍጣ ሽታ አብሮ ወረደ። ብርዱን ረስተውት ነበር መሰል፣ ሁሉም ትከሻቸውን ሰብስበው እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተቱ። ከዚያ መንገዱን አዩ። አንዲት ሴትዮ አፏን ይዛ ቀረች። ሰዎች የፈረሰ ቤት እየነኩ ሲያለቅሱ ያየሁት ያኔ ነው። ከሟች ቤት ሌላ የሚለቀስበት ቤት መኖሩን አላውቅም ነበር።

በማግሥቱ ከቅዳሴ በኋላ ከሚካኤል ጽዶች ስር ስብሰባ ሆነ። አቶ ግዛው ተነሱ። በከተማው ተወልደው ያደጉ፣ አዲስ አበባ ላይ ነጋዴ የሆኑ፣ ድምፃቸው የሚያምር ሰው ነበሩ።

«ወገኖቼ! ከተማችን ዓይናችን እያየ እየሞተች ነው። አባቶቻችን በድንጋይ የሠሯትን ከተማ ማን ነው ያፈረሳት? ጣሪያዋን ማን ገፈፈ?»

«የአባትህን ቤት ቆርቆሮ እንኳ የገፈፈውን አውቃለሁ» አሉ አባባ ደምሴ ከኋላ። «ልከህ አስነቀልከው። መሰላሉን የያዝኩት እኔ ነኝ።»

ሰዉ ሳቀ። አቶ ግዛውም ሳቁ፤ ከዚያ ዓይናቸው እንባ ሞላ። የሐሰት እንባ አልነበረም። ያን ቀን የተናገረ ሁሉ ከልቡ ነው የተናገረው። ስለ መንገድ ተባለ፣ ስለ መብራት ተባለ፣ ወረዳው ይመለስልን ተባለ። ኮሚቴ ተመረጠ። የኮሚቴው አባላት በሙሉ አዲስ አበባ የሚኖሩ ነበሩ፤ እዚያ ሆነው መሰብሰብ ስለሚቀልላቸው።

ከዚያ ሁሉም ወደ እኛ ቤት መጣ። ከሐምሌ ወዲህ ቤታችን እንዲያ ሞልቶ አያውቅም። አግዳሚው ተመልሶ ደጅ ወጣ። እቴቴ ላብ አጥምቋት፣ ፊቷ በርቶ፣ ከዚህ ጥግ ወደዚያ ጥግ ትል ነበር። መምሬ ተክሌ ባረኩ። ጽዋው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አንዳንዶቹ ሲቀምሱት ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።

አባባ ደምሴ ተነሱ። «ለታኅሣሥ ተረኛው ማን ነው?»

እቴቴ ጽዋውን በሁለት እጇ ይዛ መሃል ላይ ቆመች።

«እኔ እስከ ዛሬ የያዝኩት ተረካቢ ይመጣል ብዬ ነው» አለች። «ይኸው መጣችሁ። ግዛው፣ አባትህ ከእኔ ባል ጋር ይህን ማኅበር ካቆሙት አንዱ ነው።»

አቶ ግዛው ተነስተው መሬት ሳሙ። «እኔ እቀበላለሁ!»

ቤቱ በእልልታ ተናጋ። እኔ ወዲያው የጠረግሁትን ደጃፍ አሰብኩ። ነገ በሩ ይከፈታል ብዬ።

«ታኅሣሥ ዐሥራ ሁለት እኔ ቤት ነው» አሉ አቶ ግዛው ወደ ባልንጀሮቻቸው ዞረው። «አዲስ አበባ ያለን የአስታ ሜዳ ልጆች በሙሉ እንገናኛለን። ጥርን ማን ይወስዳል?»

አንድ ሰው እጁን አወጣ። የካቲትን ሌላው ወሰደ። መጋቢትን ሁለት ሰዎች ተሻሙበት፤ በሳቅ ተስማሙ። እቴቴ ጽዋውን እንደያዘች ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ፊት ትመለከት ነበር።

«ግዛው» አለች። «ወዴት ነው የሚሄደው?»

«ወደ እኛ ነው፣ እትዬ ዘነበች። እዚህ ተረካቢ አጥቶ ከሚጠፋ እዚያ ይዙር። በየዓመቱ ለኅዳር ሚካኤል ይዘነው እንመጣለን።»

«እኔ ያልኩት እናንተ ወደ እሱ ትመጣላችሁ ብዬ ነው።»

«በየወሩ እንዴት ይመጣል? መንገዱን ያውቁታል።» አቶ ግዛው እጇን በአክብሮት ያዙ። «እርስዎ እኮ እናታችን ነዎት። ስምዎ ከማኅበሩ አይወጣም።»

እቴቴ ወደ መምሬ ተክሌ ዞረች። የእሳቸውን ቃል ነበር የምትጠብቀው። መምሬ መስቀላቸውን አሻሹ።

«ሥርዓቱን ታውቂዋለሽ፣ ዘነበች» አሉ። «ጽዋ ተረኛ ወዳለበት ይሄዳል።»

ሥርዓቱን ከእሷ በላይ የጠበቀ አልነበረም። ጽዋውን ሳመችው፣ በነጩ ጨርቅ ሸፈነችው፣ ሰጠችው። ጽዋ የሚያስረክብ ሰው እልልታውን ራሱ ይጀምራል። እቴቴም ጀመረች። ድምፅዋ መሃል ላይ ተሰበረ፤ ሌሎቹ ተቀብለው ጨረሱላት።

አውቶቡሱ ሲነሳ ጽዋው በአቶ ግዛው ባለቤት ጭን ላይ ነበር። በመስኮት እያውለበለቡን ሄዱ። ሁሉም ደስ ብሏቸው ነበር፤ አንድ ነገር ያዳኑ መስሏቸዋል። እኔ እየሮጥኩ የአቶ ግዛውን አባት ቤት ላየው ሄድኩ። ቁልፉ እንደተንጠለጠለ ነበር።

ታኅሣሥ ሚካኤል ደረሰ። እቴቴ አልጠመቀችም፣ አልጋገረችም። ቤተ ክርስቲያን ሳመች፣ ተመለሰች፣ ምድጃው አጠገብ ኩርሲ ላይ ተቀመጠች። ማኅበሩ በሚገባበት ሰዓት በሩ ተንኳኳ። አባባ ደምሴ ጋቢያቸውን አጣፍተው ቆመዋል።

«እግሬ ነው ያመጣኝ» አሉ።

«ይግቡ አባባ።»

ጥቂት ቆይተው መምሬ ተክሌም መጡ፤ ቦታቸው ላይ ተቀመጡ። እቴቴ ውሃ በጣሳ አቀረበችላቸው። ሌላ የምታቀርበው አልነበራትም።

«አሁን ጀምረው ይሆን?» አሉ አባባ ደምሴ።

«ካህን አግኝተው እንደሆነ» አለች እቴቴ።

«አዲስ አበባ ካህን ይጠፋል?» አሉ መምሬ። «እኔ ራሴን ከጠየቁኝ እሄድ ነበር።»

ትንሽ ተሳሳቁ። ከዚያ አባባ ደምሴ እሳቱን እያዩ፣ «ከሦስታችን ቀድሞ የሚሞተው ዕድለኛ ነው» አሉ። «ሁለት ቀባሪ አለው። የሚያሳዝነኝ የመጨረሻው ነው።»

«ገብቶኛል አባባ» አለች እቴቴ። በዕድሜ የምታንሰው እሷ ነበረች።

መምሬ ተነስተው አቡነ ዘበሰማያት አሉ፤ እኛም አብረን አልን። ጸሎቱ ሲያልቅ ተረኛው የሚጠራበት ሰዓት ሆነ። አባባ ደምሴ እንደ ልማዳቸው ተነስተው ቆሙ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ በቤቱ ውስጥ ያለነውን አንድ በአንድ አዩን። አፋቸውን ከፈቱ።

የሚጠራ ተረኛ የለም፤ ሊወጡ ጋቢያቸውን መልሰው አጣፉ። እቴቴ ሄዳ በሩን ከፈተችላቸው።